የመሰርሰሪያው ጠረጴዛ

ገላነሽ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የተኛችው ግድግዳ ተደግፋ ነው። አልጋው ወደ እሷ በኩል ያዘነብላል። መሀሉ ላይ ብትጋደምም እንቅልፍ ሲወስዳት እንደ ዱባ ተንከባላ ትወርድና፣ ጠዋት ስትነቃ ትከሻዋን ከጭቃው ግድግዳ ጋር ተለጥፎ ታገኘዋለች። የቀሚሷ አንድ ጎን ሁልጊዜ አፈር የነካው ነው። ባሏ መንግሥቴ በላይኛው በኩል ስለሚተኛ ምንም አይሰማውም። ቢሰማውም አይናገርም።

ይኸ በሌላ ሰው ቤት ቢሆን ነውር አልነበረም። መንግሥቴ ግን አናጢ ነው። ወረታ ላይ፣ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው መንገድ ዳር፣ የአልጋ ሥራ ቤት አለው። ከፎገራ ሜዳ ሙሽሮች ግማሾቹ የተዳሩት እሱ በሠራው የጠፍር አልጋ ላይ ነው። የአናጢ ሚስት ዘማማ አልጋ ላይ ትተኛለች ቢባል ማን ያምናል? እሷም ለማንም አልተናገረችም። እሱ በየዓመቱ «ፋሲካ ይለፍና አዲስ እሠራልሻለሁ» ይላታል። አሥራ ሰባት ፋሲካ አለፈ።

አልጋውንስ ለምዳዋለች። ያልለመደችው ሁለት ቃል ነው፤ «እጅሽ ነው» የሚለው።

ነገሩ የጀመረው መሰርሰሪያው የመጣ ዕለት ነው። ጣሊያኖች «ትራፓኖ» የሚሉት በእጅ የሚሽከረከር ብረት ነው። መንግሥቴ በጎረምሳነቱ ከጣሊያን መንገድ ሠራተኞች ጋር ሲውል አይቶት ነበርና፣ ዓመታት ቆይቶ ጎንደር ላይ ሲያገኘው በአህያ አስጭኖ አመጣው። ከሥራ ቤቱ መሀል የወይራ ግንድ ተከለና ግንዱ ላይ በብሎን አሰረው። እስከዚያ ድረስ የአልጋ እንጨት ይበሳ የነበረው በጋለ ብረት እያጨሰ ነበር። አሁን በጎኑ ያለውን እጀታ ሲያዞሩት ጥርስ ጥርሱን እየነከሰ፣ መብሻው እየተሽከረከረ ይወርዳል። ከመብሻው ሥር መዳፍ የምታክል ክብ ብረት አለች፤ የሚበሳው ነገር የሚቀመጠው እሷ ላይ ነው። የሠራው ሰው ቁራጭ ብረት እንዲበሱበት ነበር ያሰበው። አራት ክንድ የሚረዝም የአልጋ ጎን ይመጣብኛል ብሎ አላሰበም።

መንግሥቴም አላሰበም። እሱ እጀታውን ያዞራል፤ የእንጨቱን ጫፍ በአየር ላይ ደግፋ የምትይዘው ገላነሽ ናት። በአንድ ጎን ሃያ ቀዳዳ ነው። ሁለቱ ጎን አርባ። ራስጌና ግርጌው ሲጨመር ስድሳ ይሆናል። «ቀጥ አርገሽ ያዥው!» ይላታል። ቀጥ አርጋ ትይዛለች። ፀሐይ ስትጠነክር ክንዷ ይዝላል፤ እንጨቱ ዝቅ ይላል፤ ቀዳዳውም ይዘማል። አንዱን ጎን አንሥቶ ቀዳዳ ቀዳዳውን ላየ ሰው የገላነሽ ድካም በተራ ተጽፎ ይታየዋል።

የመጀመሪያው አልጋ እንዲያ ሆኖ ተበላሸ። ጠፍሩ የከብት ቆዳ ነው፤ ውሃ ጠጥቶ እርጥቡን በቀዳዳው ይገባል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ደግሞ ይስባል። ቀዳዳው ዘማማ ከሆነ እኩል አይስብም፤ አልጋውን ይጠመዝዘዋል። መንግሥቴ ያን አልጋ ዞር ዞር ብሎ አየና «እጅሽ ነው» አላት። «ለጊዜው እኛው እንተኛበት።»

እሷም ድካሟን ታውቃለችና ብዙ አልተከራከረችም። አንድ ነገር ብቻ አልዋጥላት አለ። ጠዋትም ቢሆን፣ ክንዷ ገና ሳይዝል፣ ቀዳዳው ትንሽ ዘንበል ይላል። ለምን?

«ጠረጴዛ ሥራለት» ትለዋለች። «እንጨቱ ይረፍበት። እኔም ልረፍ።»

«ፈረንጅ ያላሰበለትን አንች ልታስቢለት?» ይላታል።

እንዲህ እንዲህ ሲሉ ሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ገባ። ኅዳር ላይ፣ ሜዳው ከውሃ ወጥቶ መንገድ ሲይዝ፣ የቁሐር ሚካኤሉ አያ ደሳለው ሁለት ሰው አልጋ አሸክመው ከበር ቆሙ። አያ ደሳለው ልጃቸውን ሊድሩ ነው። አልጋውን ከወሰዱት አንድ ወር አልሞላውም።

«መንግሥቴ! ውጣና አልጋህን እይ!»

መንግሥቴ እጁን እየጠረገ ወጣ። «ደኅና አደሩ አያ ደሳለው። ምን ሆነብዎ?»

«ምን ሆነ ትለኛለህ? አንድ እግሩን አነሣልሃ! ውሻ አጥር ሥር ሲደርስ እንደሚያነሣው።»

ተሸካሚዎቹ አልጋውን መሬት አስቀምጠው ሳቁ። እውነትም አንደኛው እግር መሬት አይረግጥም፤ በሥሩ ድመት ታልፋለች።

«ሚስቴ ድንጋይ አስቀምጣለታለች» አሉ አያ ደሳለው። «የሰው ልጅ አምጥቼ ድንጋይ ላይ ላስተኛ? አማቶቼ ሲያዩት ምን ይሉኛል?»

መንግሥቴ ተንበረከከ። ከቅርብ ዓመት ወዲህ ዓይኑ ስለደከመ ነገርን በጣቱ ነው የሚያይ። ጎኑን ዳሰሰ፤ ቀዳዳው ውስጥ ጣቱን ከተተ። ከዚያ ቀና ሳይል፦

«እጇ ነው» አለ። «የያዘችበት እጅ ነው።»

ገላነሽ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ይኸን ቃል በቤቷ ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ሰምታዋለች። ሰው ፊት ሲባል ግን የመጀመሪያው ነው። ፊቷ ጋለ። ተሸካሚዎቹ እጇን አዩ። እሷም እጇን አየች። ከነጠላዋ ሥር ደበቀችው።

«እጇ ከሆነማ ምን ይደረጋል» አሉ አያ ደሳለው እየተነሡ። «ሰርጉ ጥር ዐሥራ ስምንት ነው። እስከዚያ በአራት እግሩ የሚቆም አልጋ ካልሰጠኸኝ ይፋግ ወርጄ አናጢው አንለይ ዘንድ አሠራለሁ። የእሱ ሚስት እጅ የላትም መሰለኝ።»

አልጋውን ጥለው ሄዱ። በዚያ ዓመት ሲመለስ ሦስተኛው ነው።

መንግሥቴ ሥራ ቤቱ ውስጥ ያለው ጉቶ ላይ ተቀመጠ። ሰው ፊት «አንቱ» ትለዋለች እንጂ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ «አንተ» ነው።

«ደከመኝ ገላነሽ።»

«እኔም ደክሞኛል።»

«አንለይ መሰርሰሪያውን ከፈለገው ቆይቷል። ይውሰደው። እኛ ቁሐር ወንድሜ ዘንድ እንግባ። መሬት አለን፤ ቤት ይሰጡናል።»

ገላነሽ ቁሐርን ታውቀዋለች። አንድ ክረምት ሥራ ቤቱ ሳይቆም እዚያ ከርማለች። ሐምሌ ላይ ውሃው ቤት ገብቶ ከብቱም ሰዉም አንድ ጉብታ ላይ ቆሞ አደረ። ውሃውንስ ትችለው ነበር። ያልቻለችው የባሏን ወንድም ሚስት እናኑን ነው። እናኑ ዱቄቱን ራሷ ትሰፍርላታለች፤ ድስቱን ራሷ ትከፍትላታለች፤ ገላነሽ ከጎተራው ስትቀርብ «ምን ፈለግሽ እቴ?» ትላለች። አንድ ክረምት ሙሉ «ምን ፈለግሽ እቴ?»። በአርባ አራት ዓመቷ ተመልሳ እዚያ ጎተራ ሥር ልትቆም? እዚህ ያለው ቤት ጠባብ ነው፤ ጢስ ነው፤ ግን ምን ፈለግሽ የሚላት የለም።

«እኔ ቁሐር አልገባም» አለች።

«ሥራው ካልሆነ ምን በልተን እንኖራለን?»

«ሥራው ይሆናል። ጠረጴዛ ይፈልጋል።»

«አሁንም ጠረጴዛ?» ሳቀ፤ ሳቁ ግን የደከመው ሰው ሳቅ ነው። «እጅሽን ጠረጴዛ አያድነውም። ይልቅ ወገቤን ዋንዛዬ ፍል ውሃው ላይ ልንከረው። ዐሥር ቀን ብቻ። ስመለስ እስከ ይፋግ ዘልቄ አንለይን ከነአህያው ይዤው እመጣለሁ። ይጫነውና ይለይልን።»

ኅዳር ሰባት ቀን ስንቁን ይዞ ሄደ።

ገላነሽ ቀኑን ቆጠረች። ከዐሥሩ ቀን ቅዳሜና እሑድ ይወጣል። ሚካኤል ይወጣል፤ ኅዳር ዐሥራ ሁለት በሚካኤል እንጨት የነካ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃለች። ኪዳነ ምሕረት አለች። የቀራት ስድስት የሥራ ቀን ነው። መጋዙን ከተሰቀለበት አወረደች።

መጋዝ መያዝ አልጠፋትም። አሥራ ሰባት ዓመት ያየ ዓይን ብዙ ያውቃል። አራት ባላ ቆርጣ ከመሰርሰሪያው ግራና ቀኝ ተከለች። ጥግ ከቆመው ባሕር ዛፍ ሁለት ጣውላ ላጠችና ባላዎቹ ላይ አጋደመች። መዳፍ የምታክለዋን ክብ ብረት ብሎኗን አላልታ ወደ ጎን ዞር አደረገቻት። ጎረቤቷ ድንቅነሽ እሳት ልትጭር መጥታ በሩ ላይ ቀረች።

«አንች ገላነሽ! ምን እየሆንሽ ነው?»

«ጠረጴዛ እየሠራሁ።»

«ኧረግ! መንግሥቴ ሲመጣ ቀሚስ ልታለብሽው ነው?»

«መሰርሰሪያውን ነካሁ እንጂ ሱሪውን መች ነካሁበት። ነይ ያን ጣባ ውሃ ሞልተሽ አምጭልኝ።»

ድንቅነሽ እየሳቀች አመጣች። የፎገራ ሰው ልክ የሚያውቀው በውሃ ነው። ቤት የሚሠራበትን፣ ጎተራ የሚያቆምበትን፣ መቃብር የሚቆፍርበትን ሁሉ ውሃ የቱ ጋ እንደሚተኛ አይቶ ነው። ገላነሽ ጣባውን ጣውላው ላይ አስቀመጠችና ውሃው በአንድ ከንፈር እንዳይበልጥ ከባላዎቹ አናት እየላጠች፣ ከሥር እየሸጎጠች፣ ቀን ሙሉ ስትደክም ዋለች። ሲመሽ ውሃው እንደ መስተዋት ተኛ። ወገቧን ይዛ ቤት ገባች። ግድግዳውን ተደግፋ ተኛች።

በማግሥቱ አንድ ቁራጭ እንጨት ጣውላው ላይ አጋድማ ድንቅነሽን እጀታውን አስያዘቻት። ራሷ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች። ሦስት ቀዳዳ ተበሳ። አንድ ቀጥ ያለ ሸምበቆ አመጣችና ቀዳዳው ውስጥ አቆመችው።

ሸምበቆው ዘመመ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም፤ ሦስቱም ወደ አንድ ወገን።

«አየሽ» አለች ድንቅነሽ አዝና። «ልፋትሽ ከንቱ ቀረ።»

ገላነሽ ተንበረከከች። ሸምበቆውን እያየች ቆየች።

«እጄ አይደለም» አለች ቀስ ብላ።

«ምን አልሽ?»

«እጄ አይደለም። አልነካሁትማ! አንች ምስክሬ ነሽ፤ ነክቼዋለሁ?»

«አልነካሽም። ታዲያ ማን ነው?»

«እሱን አላውቅም። እኔ ግን አይደለሁም።»

ጉቶው ላይ ቁጭ አለችና ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ነገር አመለጣት። ድንቅነሽ ደንግጣ ወደ ቤቷ ሄደች።

የሚካኤል ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ከመፈታቱ በፊት፣ ገላነሽ በሩ ላይ ተቀምጣ ጥጥ መፍተል ያዘች። ሐሳቧ መሰርሰሪያው ላይ ነው። እንዝርቷ አልሽከረከር አለቻት፤ ትወላገዳለች፤ ክሩ ይበጠሳል። አንሥታ አየቻት። ከእንዝርቷ ዘንግ ታች ያለችው ክብ እንጨት ዘንበል ብላለች። በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ ከዘንጉ ጋር አስተካከለቻት፤ አሾረቻት። ቀጥ ብላ ዞረች።

እጇ ቆመ። ስታስተካክላት ያየችው ዘንጉን ነው። መሬቱን አላየችም። እንዝርት መሬቱ የትም ያዘንብል ግድ የላትም፤ ክቧ ከዘንጓ ጋር ከተስማማች በቃት።

ክሩን ጥላ ወደ ሥራ ቤቱ ገባች። አንድ ሰንበሌጥ ቆረጠችና መብሻው ላይ በክር አሰረችው፤ ጫፉን ወደ ጎን አጥፋ ጣውላውን እንዲነካ አደረገች። እጀታውን ቀስ ብላ አዞረች። ሰንበሌጡ በመንገዱ በኩል ጣውላውን ፈገፈገው፣ ጎበጠ። በጓሮው በኩል ሲደርስ ጣውላውን ለቆ ተነሣ፤ በሥሩ ጣት ያስገባል።

ጣውላው እንደ ውሃው ነው። ዘማማው መሰርሰሪያው ራሱ ነው።

ተንበርክካ የግንዱን ሥር አየች። የፎገራ አፈር ጥቁር ነው፤ በክረምት ያብጣል፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ከግንዱ ሥር ስንጥቁ አፉን ከፍቷል፤ ግንዱም ቀስ ብሎ ወደ መንገዱ ዘመም ብሏል። በዓይን አይታወቅም። ክረምት ሲገባ አፈሩ አብጦ መልሶ ያቃናዋል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አላት፤ በክረምት የተበሳ አልጋ ተመልሶ አያውቅም። የሚመለሰው የበጋው ነው። በበጋ ብረቷ ከግንዱ ጋር ትዘማለች፤ መንግሥቴ «ቀጥ አርገሽ ያዥው» ይላል፤ እሷ ታዛዥ ሆና ቀጥ አርጋ ትይዛለች። እንጨቱ ቀጥ፣ መብሻው ዘማማ። ድካሟማ ጨምሮበታል፤ አልካደችም። የጠዋቱን ግን ያዘመመው መታዘዟ ነው።

«አሥራ ሰባት ዓመት» አለች ለግንዱ።

ሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን ቆማ ዋለች። በማግሥቱ ባላዎቹን ነቀለች። ጠረጴዛው መሬት መንካት የለበትም። ከግንዱ ጋር ታስሮ ግንዱ ሲዘም አብሮት መዝመም አለበት። ግን በምን እንጨት? የባሕር ዛፉ ጣውላ በአራት ቀን ውስጥ እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠቅልሏል። ሥራ ቤቱ ያለው ዋንዛ ሁሉ ክረምቱን የተቆረጠ እርጥብ ነው። የደረቀ፣ ከእንግዲህ የማይንቀሳቀስ ዋንዛ ያስፈልጋታል። ከወረታ እስከ ይፋግ ማን አለው?

ደክሟት ቤት ገብታ አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። ወደ ግድግዳው ተንሸራተተች። እጇን ስትደግፍ ጎኑን ያዘችው። ዋንዛ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ጢስ ጠጥቶ እንደ ቀንድ ደርቋል።

ቢላዋውን አመጣች።

ጠፍሩን ስትቆርጠው እንደ ከበሮ እየጮኸ ተበጠሰ። ድንቅነሽ ድምፁን ሰምታ መጣች።

«ሰው ተጣላ ብዬ! አልጋሽን? እብድ ሆንሽ እንዴ? የት ልትተኙ ነው?»

«መሬት።»

«መሬት!»

«መሬትም ይዘማል፤ አይቼዋለሁ። ግን ሁለታችንንም እኩል ነው። ነይ ይኸን ጫፉን ያዥልኝ።»

ራስጌና ግርጌውን ከግንዱ ግራና ቀኝ እንደ ሁለት ክንድ ወደ ፊት አወጣቻቸው። ሁለቱን ረጃጅም ጎኖች በላያቸው አጋደመች፤ መብሻው የሚወርድበት ክፍት በመሀላቸው ተወች። ከአራቱ እግሮች ሁለቱን ከግንዱ ወገብ ወደ ክንዶቹ ሽቅብ አቆመቻቸው፤ ሸክሙን እንዲደግፉ። የቀሩትን ሁለቱን ሰንጥቃ ከጎኖቹ ላይ መጠጊያ አደረገቻቸው፤ የሚበሳው እንጨት እነሱን ተጠግቶ እንዲሄድ። ሁሉንም ያሰረችው በእርጥብ ጠፍር ነው። አልጋዋን ያጣመመው ጠፍር አሁን ይያዝላት። ሲደርቅ እየሳበ ነገሩን ስለሚያንቀሳቅሰው ጠዋት ጠዋት ሰንበሌጧን አስራ ታዞራለች፤ በዚያ በኩል ሲነሣ በዚህ በኩል ሽብልቅ ትመታለች። ክንዷ አበጠ። ጥፍሯ ደማ። ማታ ማታ ቁርበት አንጥፋ መሬት ላይ እንደ ድንጋይ ትወድቃለች።

በመጨረሻው ቀን ሰንበሌጡ ክብ ሠርቶ ሲዞር ድምፁ አንድ ሆነ፤ በመንገዱም በጓሮውም ሽሽ፣ ሽሽ ይላል። ገላነሽ ሰንበሌጡን ፈታችና እጇን ታጠበች።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ መንግሥቴ መጣ። ፍል ውሃው ፊቱን አቅልቶታል፤ ወገቡ ግን እንደሄደው ነው። ከኋላው የይፋጉ አናጢ አንለይ ሁለት አህያ እየነዳ ነው። ሥራ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ አንለይ ቆመና ሳቀ።

«መንግሥቴ! መሰርሰሪያህ ክንፍ አውጥቷል!»

መንግሥቴ ዓይኑን አጠበበ። «ምንድነው ይኸ?»

«ጠረጴዛ ነው» አለች ገላነሽ። ጉቶው ላይ ተቀምጣለች፤ አልተነሣችም። «እንኳን ደኅና መጣችሁ። የአያ ደሳለው አዲሱ ጎን ተልጎ ቀርቧል፤ ምልክት አድርጌበታለሁ። እጀታውን ያዙሩት።»

«ይልቅ ውሃ ስጭን። አንለይ መንገድ አለበት፣ መሰርሰሪያውን ፈተን እንጫንለት።»

«ከመጫኑ በፊት ያዙሩት። አንድ ጎን ብቻ።»

አንለይ «ምን ገዶህ፣ እኔም ሲሠራ ልየው» አለ። መንግሥቴ ጋቢውን ጥሎ ገባ። ጎኑን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ፤ እጀታውን ጨበጠ፤ እንደ ልማዱ ዞር ሳይል፦

«ያዥው!» አለ።

«አልይዝም።»

ዞር አለ። እጇን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች።

«እኮ ያዥው እንጂ! ይወድቃል!»

«እስኪ ይውደቅ።»

እንጨቱ አልወደቀም። መንግሥቴ አንለይን አየ፤ አፈረ፤ ማዞር ጀመረ። አንድ በሳ። እንጨቱን ገፋ አድርጎ ሁለተኛውን በሳ። ማንም የማይጮኽበት፣ ማንም «ቀጥ አርጊው» የማይባልበት ሥራ ነው። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ እግሩ ሥር ወረደ። ሃያኛው ላይ ሲደርስ ላቡን ጠረገ።

ገላነሽ የሸምበቆ እስር አንሥታ ለአንለይ ወረወረችለት። «አንተ ዓይንህ ደኅና ነው። አቁምና እይ።»

አንለይ አንድ በአንድ በየቀዳዳው አቆማቸው። ሃያው ሸምበቆ በማኅሌት እንደቆሙ ደብተራዎች በአንድ መስመር ቀጥ ብሎ ቆመ። አንለይ አጎንብሶ ከአንደኛው ጫፍ በአንድ ዓይኑ አየ። ሳቁ ጠፋ።

«ማነው የያዘው?» አለ።

«ማንም» አለች ገላነሽ። «ድሮ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ግንዱ እየዘመመ ነበር። ሥሩን እዩት።»

መንግሥቴ ተንበረከከ። ጣቱን ስንጥቁ ውስጥ ከተተ፤ እጁ እስከ አንጓው ገባ። ግንዱን ከታች እስከ ላይ ዳሰሰው። ለመነሣት ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

«ይኸን ጠረጴዛ ከመሰርሰሪያው ጋር ጨምሩልኝ» አለ አንለይ። «በተስማማንበት ዋጋ ላይ እጨምራለሁ።»

«መሰርሰሪያው የእሳቸው ነው፤ የፈለጉትን ያድርጉ» አለች። «ጠረጴዛው ግን ያለዚህ ግንድ አይሆንም፤ ከግንዱ የሚፈታው ደግሞ የእኔ እጅ ነው። እጄን ደክሞታል።»

አንለይ መንግሥቴን አየ። አህዮቹ ደጅ ላይ ጭራቸውን እየወዘወዙ ነው። መንግሥቴ ሃያዎቹን ሸምበቆዎች በመዳፉ በአናታቸው ነካ ነካ እያደረገ ሄደ፤ አንዱም ዝቅ ወይም ከፍ አላለበትም።

«መሰርሰሪያው አይሄድም አንለይ» አለ።

«ኧረ በሕግ! ከይፋግ ድረስ ባዶ አህያ ነድቼ?»

«ባዶ አይሄዱም። የባሕር ዛፍ ጣውላ አለ፣ ጫንባቸው። ተጠቅልሏል እንጂ ማገዶ ይሆንሃል።»

አንለይ ሲሳደብ፣ ሲስቅ፣ ጣውላውን ሲጭን ቆየ። ሲወጣ ገላነሽን «እታለም፣ ይፋግ ብትወለጂ ጥሩ ነበር» ብሏት ሄደ።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። መንግሥቴ ጠረጴዛው ላይ ክርኑን አስደግፎ ቆመ። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፉ አይወጣም፤ እሷም አልጠበቀችም። እንጨቱን ይዳስሳል።

«ደረቅ ዋንዛ ነው» አለ። «የት አገኘሽው?»

ጣቱ ጎኑን ይዞ ሄደ፤ አንድ ቀዳዳ አገኘ፤ ገባ። ቀጥሎ ሌላ አገኘ። ሦስተኛው ዘንበል ያለ ነው። እየቆጠረ ሄደ። ዐሥረኛው የባሰ ነው። ሃያኛው ላይ ጣቱ ቆመ።

«ገላነሽ። አልጋውስ?»

«ክርንህን አስደግፈህበታል።»

ክርኑን እንደ ተቃጠለ አነሣ። እንደገና መልሶ አስደገፈው።

«ታዲያ የት ነው የምንተኛው?»

«እኔ አምስት ሌሊት መሬት ላይ ተኛሁ» አለችው እየተነሣች፣ ጉልበቷን ይዛ። «ግድግዳውን አልነካሁትም።»